ወገርት ከነሥሩ ሳይጠፋ

ከቢቸና እስከ ሞጣ በተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ ዐይነ ጥላ ወይም ቡዳ አገኘው የተባለውን ሕመምተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ፣ የደረቀ የወገርት ሥር በፍም ላይ ጥሎ በጢሱ ሲያጥነው፣ ከአበው የተረከበውን ሥርዐት መፈጸሙ ነውና ልማዱን ማቃለል አይገባም፤ ነገር ግን በሥሩ ፈውስን የሚሻ ሕዝብ ስለ ተክሉ ሕይወት አለማሰቡ እጅግ ያሳዝናል።

ወገርት፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ሲሌኔ ማክሮሶሌን ብለው የሰየሙት፣ በአበባ መሸጫ ከምናውቀው ካርኔሽን ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቈጠር፣ ሥሩን በምድር አጽንቶ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር የዱር ተክል ነው። ቅጠሉ ብቻ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ፣ ተቀጥፎ እንደገና ባቈጠቈጠ ነበር፤ የሚፈለገው ሥሩ ስለ ሆነ ግን፣ ፍሬው ሳይበስል የተቈፈረ ወገርት ራሱም ይሞታል፣ ዘርም አይተካም።

ባለመድኃኒቱ ለጎረቤቱ ብቻ ጥቂት በሚቈፍርበት ዘመን ምድሪቱ የተወሰደባትን ለመተካት ፋታ ነበራት፤ ዛሬ ግን ሥሩ እየታሰረ እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ይሸጣል፣ በጤፉ በተመሰገነው በቢቸና አገርም ማረሻው እስከ ድንበር እየገፋ ተክሉ የሚበቅልበትን ዳዋና ጠፍ መሬት ያጠብበዋል።

ስለዚህ ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን የመሳሰሉ ጥንታውያን አድባራት፣ ጥዱንና ወይራውን በቅጽራቸው እንደ ጠበቁ፣ ለወገርትም ጥቂት መደብ ቢከልሉለት፤ ቈፋሪውም ፍሬው እስኪበስል ታግሦ ዘሩን በቈፈረበት ቢበትን፤ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ዘሩን አሰባስበው ለገበሬው ቢያድሉ፣ ጥፋቱን መግታት ይቻላል። የተዘራ መድኃኒት ኀይሉን ያጣል የሚል ቢኖር፣ ጤና አዳምንና ዳማ ከሴን ከጓሮው ቀጥፎ ያልታከመ ጎጃሜ ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱና በጄኔቲክ ሀብቱ ላይ ያለውን መብት አጽንቶለታል፤ ይሁን እንጂ ተክሉ ከጠፋ፣ ሊቃውንት መርምረው የመድኃኒትነቱን እውነት የሚለዩበት፣ ሕዝቡም ከጥቅሙ የሚካፈልበት ነገር አይኖርምና፣ መብቱ የሚጠበቀው በሕግ ብቻ ሳይሆን ዘር በሚዘራ እጅም ጭምር መሆኑን እያንዳንዱ ገበሬ፣ ካህንና ነጋዴ ተገንዝቦ ከዚሁ ዓመት ጀምሮ ድርሻውን ይወጣ።