ማታችንን ለማን ሰጠነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቆየ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደሴ መጣ። የመጣበትን ጉዳይ በቀን ጨርሶ አመሻሹ ላይ ደወለልኝና፣ «ወሎ ድረስ መጥቼ ትዝታን በአገሩ ሳልሰማ አልመለስም፤ ይዘኸኝ ውጣ» አለኝ። እኔም ቀላል ነገር የጠየቀኝ መሰለኝ። የሙዚቃችን አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ ስማቸውን እንኳ የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን። ታዲያ ምንጭ ዳር ቆሞ ውሃ የሚጠማው ማን አለ?

እኛ ነና! ከፒያሳ ተነስተን የገባንበት የመጀመሪያው ቤት ድምፅ ማጉያው በሩን ያንቀጠቅጠዋል። ወዳጄና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን በእጅ ምልክት አወራን። ሁለተኛው ቤት አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ አሉ፤ የሚዘፈነው ግን ወዳጄ ትቶት በመጣው ሰፈር ሲዘፈን የሚያድረው ነው። በሦስተኛው ቤት መሰንቆ አገኘንና ተደሰትን። «አምባሰል ተጫወትልን» አልነው። ልጁ ጀመረ፤ ጣቱም ድምፁም ያማረ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ከጥግ ያለ ባለገንዘብ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለትና አምባሰሉ እዚያው ላይ ተቆርጦ ውዳሴ ሆነ። በልጁ አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወዳጄ፣ «በቃ፣ የደሴ ማታ ማለት ይኸው ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ አመሸን። የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ኮምቦልቻ ግን ደጅ የሚያስቀምጥ አየር አላት። ፋብሪካ ያላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀላት /በ2009 ዓ.ም./፣ ወደ መቀሌና በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት መንገዶች የሚለያዩባት፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና ወዛደሩ የሚያድሩባት ከተማ ናት። ታዲያ ያንን ሁሉ እንግዳ ማታ ምን ትለዋለች? «ጠጣ» ትለዋለች። ወንበሩ ላይ የቢራ ስም፣ ጃንጥላው ላይ የቢራ ስም፣ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ሳይቀር የቢራ ስም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ማስታወቂያው ከሬዲዮ ወጥቶ የት እንደገባ ለማየት ወንበር ስቦ መቀመጥ ይበቃል። ስለ ዕድሜው ነገር ደግሞ በር ላይ መታወቂያ የተጠየቀ ወጣት ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ይህን ስጽፍ አንዳንዱ አንባቢ «ጎሽ፣ ይዘጋልን!» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አይደለም፤ አልተግባባንም። የዛሬው ጽሑፌ ጠብ ከሁለት ወገን ጋር ነው።

አንደኛው ወገን «ዝጉት» ባዩ ነው። ይህ ሰው ማታ ሁሉ ኃጢአት ይመስለዋል። ከሁሉ በፊት የሚታየው ደግሞ አስተናጋጇ ናት፤ ቀሚሷ አጠረ፣ ሣቋ በዛ። ልጅቱ ከደመወዟ ይልቅ በጉርሻ እንደምትኖር፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጨለማ ለጨለማ ወደ ኪራይ ቤቷ እንደምትሄድ፣ ባጃጁ ዋጋውን እንደሚያንርባት አይታየውም። ቤቱን የከፈተውን፣ ግብሩን የሚቀበለውንና ሒሳቡን የሚከፍለውን ወንድ ትቶ እሷን ይረግማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ደግሞስ ቢዘጋ ወጣቱ የት ይሄዳል? የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በደሴም በኮምቦልቻም አለ፤ ከቤተሰቡ ርቆ በሚያድርበት ከተማ ማታ ማታ ከመኝታ ክፍሉና ከመጠጥ ቤቱ ሌላ ሦስተኛ በር አሳዩት እስቲ። በር ሁሉ ሲዘጋ ነገሩ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ሁለተኛው ወገን «ከተማችን አድጋለች፣ ማታዋ ደምቋል» ባዩ ነው። ለዚህ ሰው የድምፅ ማጉያ ብዛት የሥልጣኔ መለኪያ ነው። እኔ ደግሞ ልጠይቀው፦ ያንተ እናት በዚህ በደመቀው ማታ የት ትቀመጣለች? መጠጥ የማይቀምሰው ጎረቤትህስ? ደሴና ኮምቦልቻ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ፣ በጋብቻ ተሳስሮ፣ ቡና ተጠራርቶ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ከዚህ ሕዝብ እጅግ ብዙው አይጠጣም፤ ወይም ሴት በመሆኑ፣ ወይም በዕድሜው፣ ወይም ገንዘብ በማጣቱ ከዚያ ቤት ውጭ ነው። የከተማው እኩሌታ የማይገባበት መዝናኛ የከተማ መዝናኛ ሊባል ይችላል?

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ለአገራችን ልማድ ባዕድ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ማን ነበር? አይጠየፍ! ድኻ ሀብታም ሳይል ሁሉን የሚያበላ፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ስሙን ዛሬም ለእንግዳ በኩራት እንናገራለን፤ ማታችን ግን ኪስን እያየ የሚጠየፍ ሆኗል።

በደርግ ዘመንም ቢሆን፣ ያ ዘመን ምንም መራራ ቢሆን፣ የላሊበላ ኪነት ቡድን ደሴ ላይ ነበረ። እነ ማሪቱ ለገሠና ዚነት ሙሀባ የወጡት ከዚያ ነው። ኪነቱ የመንግሥትን መፈክር እንዲያሰማ መገደዱን አልክድም፤ ያንን ዘመን ናፍቄም አይደለም። ነገር ግን መሰንቆው፣ ክራሩና ዋሽንቱ ደመወዝ ነበራቸው፤ ብር እስኪለጠፍ አይጠብቁም ነበር። መፈክሩ ሲወድቅ ከመፈክሩ ጋር ደመወዙንም መድረኩንም እንደ አላስፈላጊ ቆጠርነው። ከዚያ ወዲህ የወሎ ልጅ ድምፅ ሲኖረው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይሳፈራል።

«ባሕር የሌለው፣ ቱሪስት የማይጎርፍበት ከተማ ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚለኝ አይጠፋም። ባሕር ስላላት አንዲት ደሴት እንነጋገር። ዛንዚባር ከሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በስቶን ታውን፣ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የምግብ ሻጮች ፋኖስና ምድጃቸውን ይዘው ይደረደራሉ፤ ዓሣው ይጠበሳል፣ ሸንኮራው ይጨመቃል፣ አባወራው ሚስትና ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ከመናፈሻው አጠገብ ባለው የጥንት ምሽግ ውስጥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየካቲት ወር ገደማ ትልቅ የአፍሪካ ሙዚቃ በዓል ሲካሄድ ኖሯል። ታአራብ የሚባለውን የራሳቸውን ሙዚቃ የሚጫወት ማኅበር ከመሠረቱ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በደሴቲቱ ቢራና ጭፈራ የለም እያልኩ አይደለም፤ ለቱሪስቱ በየባሕር ዳሩ ሞልቷል። ልዩነቱ፣ የከተማው ሕዝብ የራሱ የሆነ ማታ አለው። ለፎሮዳኒ ማታ የሚያስፈልገው መብራት፣ ንጹሕ ሜዳና ምግብ ሻጭ ሴቶችን የማያባርር ደንብ አስከባሪ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ባሕር የሚጠይቀው የትኛው ነው?

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ልጥቀስ። «በዚህ ጊዜ ስለ መዝናኛ ማውራት ቅብጠት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ኅዳር 27 ቀን ሁለቱም ከተሞች መለቀቃቸው ተነገረ። በዚያ መካከል የሞተውን፣ የተዘረፈውንና የተሰደደውን እዚህ አልቆጥርም፤ ያልነካው ቤት የለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማታ የፍርሃት ሌላ ስም ሆነ። እውነት ነው።

ግን እስቲ አስቡት። ሐዘን የገባበት ሕዝብ ማታ ብቻውን ቢቀመጥ ይሻለዋል? ለቅሶ እንኳ በእኛ አገር ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ ነው የሚወጣው። መንዙማው የሚደመጠው ተሰብስቦ ነው። ትዝታም ቢሆን የጥጋበኛ ዘፈን አይደለም፤ ያጣ ሰው ዜማ ነው። ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት የጋራ ቦታ ሲነፈገው መለኪያ ውስጥ ይከተዋል፤ ጠዋት ሲነቃ ግን እዚያው ያገኘዋል። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ ቅብጠት ለማለት አፌን የማይቀናኝ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ሚሊዮን የሚፈልግ ነገር አልጠይቅም። የሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች ሰላሙ በፈቀደ መጠን በየሳምንቱ አንድ ማታ፣ አንድ አዳራሽ፣ በማኪያቶ ዋጋ ትኬት ይክፈቱ፤ ወሎ ባህል አምባም የባህል ቡድኑን ለሹማምንት አቀባበል ብቻ ሳይሆን ትኬት ለቆረጠ ወዛደርና ተማሪ ያሰልፍ። ገና በጊዜው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይሁን፤ እናቶችም ይምጡ። ሻይና ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች የሚቀመጡበት መብራት ያለው ጥግ ይሰጣቸው። የምሽት ቤት ባለቤቶችም መሰንቆ ተጫዋቹን በደመወዝ ይቅጠሩት፤ አስተናጋጇን ሲዘጉ እስከ ደጃፏ ያድርሷት። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ የሥራ ወጪ ነው።

ወዳጄ ሊመለስ ባለበት ዋዜማ ቡና እንዲጠጣ ቤቴ ወሰድኩት። አክስቴ ቡናውን እየቆሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በለሆሳስ ማንጎራጎር ጀመሩ። አምባሰል ነበር። ወዳጄ ስኒውን ይዞ እስኪጨርሱ አልጠጣም። ሲጨርሱ፣ «እማማ፣ ይህን ውጭ ሦስት ማታ ፈልጌ አጣሁት» አላቸው።

«የት ሄደህ ነው ልጄ?» አሉት አክስቴ።

የሄድንባቸውን ቤቶች ስም ነገራቸው። አክስቴ ሣቁና፣ «እዚያ እኔን ማን ያስገባኛል!» አሉ።