ሁሉም የየራሱን ኤክሴል ታቅፎ እስከ መቼ?

ወገን፣ ዛሬስ ዝም አልልም። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለን። እኔ በደረስኩበት ቢሮ ሁሉ ግን የምርምር ገንዘብ የሚመራው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ባለ ኤክሴል ነው። ሰውየው ሥራ ሲለቅ የፕሮጀክቱ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ለጋሹ ሪፖርት ሲጠይቅ ደረሰኝ ፍለጋ መሯሯጥ ነው!

አሜሪካኖቹ እንኳ ብቻችንን አያዋጣንም ብለው ተባብረዋል። ኤምአይቲ ለራሱ የሠራውን «ኮየስ» መነሻ አድርገው፣ ኢንዲያናን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች «ኩዋሊ ኮየስ»ን አብረው ሠሩ። ኮዱም ክፍት ነበር። አልጋ በአልጋ ነበር አልልም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራውን የሚመራ ኩባንያ ሲቋቋም «የጋራችን ነገር ሊሸጥብን ነው እንዴ?» የሚል ጭቅጭቅ ተነስቷል። ስለዚህ እኛ ባለቤትነቱን ገና ከጅምሩ በውል እንሰረው።

«የኛ አሠራር ይለያል» የምትሉኝ አለቆች፣ ምኑ ነው የሚለየው? ሁላችንም በጀት የምንዘጋው ሰኔ 30 ነው። የሚመረምረንም ያው የፌዴራል ኦዲተር ነው። የሚለየው ጨረታ የማውጣት ፍቅራችን ብቻ ነው።

«ድር ቢያብር» እያልን እያስተማርን እኛው ተበታተንን። ሶፍትዌር የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ከተስማማ ለመጀመር ይበቃል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?