መኪናችንን ከመንገዳችን ጋር እናስማማ





የምኖረው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ዓመት ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ አንዲት ያገለገለች፣ የስፖርት መልክ ያላት መኪና ገዛሁ። ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ቸርኬዋ ትልቅ፣ ጎማዋ ስስ ሆኖ ለዓይን ታምራለች። ነገር ግን ወገባቸውን የሚያማቸውን አክስቴን ወደ ሐኪም በወሰድሁባት ቀን፣ ጉድጓድ በገባን ቍጥር ሲያቃስቱ ሰምቼ መሪውን እንደ ያዝሁ አፈርሁ። ስንመለስም «ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ ሌላ ጊዜ በታክሲ ብሄድ ይሻለኛል» አሉኝ።

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሰፈር በብድር መኪና ገዝቶ በዚሁ ነገር የሚቸገር ወንድምና እኅት ብዙ ስለ ሆነ፣ ከደረሰብኝ የተማርሁትን መናገር ይገባኛል።

በመጀመሪያ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። ባለሙያው ከሞላው ላይ ማንሻ አስገብቶ መኪናዋን ከፍ አደረጋት፤ በሞላው ቀለበቶች መካከልም ላስቲክ ሸጐጠበት። ገንዘቤን ከፈልሁ፤ መንገጫገጩ ግን ከቀድሞው ባሰ። ምክንያቱን ቈይቼ ተረዳሁት። ማንሻ መኪናን ከመሬት ያርቃል እንጂ ሞላን አያለሰልስም፤ የሚሸጐጠው ላስቲክ ደግሞ ሞላው እንዳይታጠፍ ስለሚከለክለው ያደነድነዋል።

እውነተኛው መድኃኒት የሚጀምረው ከጎማ ነው። የእኔ መኪና ጎማ 225/45/17 የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ይህም ማለት የጎማው ወርድ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጐኑ ከፍታ የወርዱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። እንግዲህ በጉድጓዱ ጠርዝና በብረቱ መካከል ያለው 101 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህንኑ በ15 ኢንች ቸርኬና በ195/65/15 ጎማ ብንለውጠው፣ የጐኑ ከፍታ ወደ 127 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጠቅላላው የጎማ ቁመት ግን በሁለቱም ወደ 634 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ የፍጥነት መቍጠሪያው አይዛባም። ከአንድ ጣት የሚበልጥ የጎማና የአየር ትራስ ተጨመረ ማለት ነው። ብቻ ትንሹ ቸርኬ ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካ፣ ጎማውም የመኪናዋን ክብደት የሚችል እንዲሆን አስቀድሞ ማስመርመር ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ የነፋሱ ልክ ነው። ልኩ በሹፌሩ በር አጠገብ ተጽፎ ሳለ፣ ብዙዎቻችን ጎሚስታው በግምት ሲነፋልን ዝም እንላለን። ከልክ ያለፈ ነፋስ ጎማን እንደ ድንጋይ ያደርገዋልና ጎማው ሳይሞቅ ማስለካት ይገባል። ሦስተኛ፣ አሞርዛቶሩ ነው። የመኪናዋን አንድ ማዕዘን ወደ ታች ተጭነው ሲለቁት ደጋግሞ ቢዘል አርጅቷል ማለት ነው፤ ሲለወጥም ግራና ቀኙ አብሮ መለወጥ አለበት። አራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጉድጓድ ከመድረስ በፊት ፍጥነትን ቀንሶ፣ ሲገቡ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። ፍሬን እንደ ያዙ መግባት የፊቱን ሞላ አስቀድሞ ስለሚጨቍነው ምቱን ያከብደዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አዲስ ገዢዎች የሚያገኙት የኤሌክትሪኩን ነው። የዚህ ባትሪው ከባድና ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ስለ ሆነ፣ ገዢው ከቀለሙና ከመስኮቱ በፊት የጎማውን ጽሕፈትና ከመሬት ያለውን ርቀት ይመልከት።

አንዳንድ ሰው «መንገዱ ይጠገን እንጂ ስለ ምን መኪናችንን እንለውጣለን?» ይል ይሆናል። እውነት አለው። በእኛ በኩል መሬቱ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይነፋል። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን ሲያላላ፣ የጭነት መኪና ሲጫነው ጉድጓድ ይሆናል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ከተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ እንደ ተገኘው፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል የጭነት ልክ ይጠብቅ፣ ስንጥቁንም ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ከክረምት በፊት ይድፈን። እኛ ነዋሪዎችም የውኃ መውረጃውን በቈሻሻ አንድፈን፤ መውረጃው ሲዘጋ ውኃው በመንገዱ ላይ ይተኛልና።

መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ግን በሽተኛው፣ አረጋዊውና ነፍሰ ጡሯ መጓዛቸው አይቀርም። መኪና ለተሳፋሪ እንጂ ለተመልካች አልተሠራችም። እኔ ማንሻውንም ላስቲኩንም አስወጥቼ፣ ጎማና አሞርዛቶር ለውጫለሁ። ጉድጓዱ ዛሬም ይሰማል፤ ነገር ግን ባለፈው ወር አክስቴ ታክሲ ጥራልኝ አላሉኝም።



አንድ መምህር
ከገላን ኮንዶሚኒየም