ሀብታም እስክንሆን ነው የምንጠብቀው?

"በጎ አድራጊ" ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ወይ ቼክ ይዞ ፎቶ የሚነሳ ባለሀብት ነው፣ ወይ የድርጅት ዓርማ የተለጠፈበት ነጭ ላንድክሩዘር። ለዚህም ይመስለኛል ጊንጪ ወይም አምቦ መናኸሪያ ጆንያ ለብሶ የተኛ ልጅ ስናይ "ምናለ አንድ ድርጅት ቢመጣ" ብለን ባጃጃችን ውስጥ የምንገባው።

እስቲ ዛሬ ድርጅት ሳይኖራቸው የጀመሩትን ወ/ሮ አበበች ጎበናን እናስታውስ። የእኛ ዞን ሰው አይደሉም፤ ትውልዳቸው ሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ ነው። አባታቸውን ገና በአራስነታቸው በጣሊያን ጦርነት አጡ። በ10 ዓመታቸው ሳይወዱ ተዳሩ፤ ከትዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ጥቂት ተምረው በቡናና እህል ኩባንያ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ልብ በሉ፣ ባለሀብት አይደሉም። ደሞዝተኛ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄዱ። ጊዜው የረሃብ ነበር። የሞተች እናት ጡት ላይ ተጣብቆ የሚጠባ ሕፃን አዩ፤ አይተው ማለፍ አልቻሉም። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመድ እንዳበዱ ቆጠሯቸው። እሳቸው ግን ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ደሳሳ ጎጆ ገቡ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። ድርጅታቸው ሕጋዊ እውቅና ያገኘው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ልጆቹ ቀደሙ፣ ማኅተሙ ተከተለ።

ድርጅት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የካርል ሃይንስ በም "ሰዎች ለሰዎች" እዚሁ ዞናችን ውስጥ በግንደበረትና በዳኖ ሠርቷል። ግን ካርልም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመሩት በቴሌቪዥን ቀርበው ተመልካቹን አንድ አንድ ማርክ በመጠየቅ ነበር። ትልቁ ነገር ከሳንቲም ነው የተነሳው።

ደግሞ ለእኛ ይሄ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ዛሬ በሕግ መጽሐፍ ላይ የምናነበውን "ጉዲፈቻ" የሚለውን ቃል አማርኛ ያገኘው ከኦሮሞ ነው። የሰው ልጅ በጉዲፈቻ ሲገባ የቤት ልጅ ይሆናል፤ "የእንጀራ" የሚባል ቅጽል የለውም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆችን ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ተከልክሏል። ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆቻችን የሚጠብቁት እኛኑ ነው።

"ሥራ አጥ ነኝ፣ ለራሴስ መቼ በቃሁ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። 21 ልጅ አሳድግ የሚልህም የለም፤ መንግሥትም "ወጣቱ ይወጣዋል" ብሎ እጁን አጣጥፎ የመቀመጥ መብት የለውም። ግን አምስት ጓደኛሞች ከማኪያቶ ላይ ቀንሰን የአንድ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም መቻል ያቅተናል? ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሒሳብ ማስጠናትስ ገንዘብ ይጠይቃል?

ወ/ሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ አረፉ። ያን ሰሞን ፌስቡክ በሻማና በ"ነፍስ ይማር" ተሞላ። "የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ" አልናቸው። ክፋት የለውም። የምፈራው ግን ሰውን ቅዱስ አድርገን ከሰቀልነው በኋላ "ይሄማ የእሳቸው ጸጋ ነው" ብለን መገላገላችንን ነው። እሳቸው የጀመሩት በደሞዝተኛ እጅ ነው። እጅ ደግሞ ሁላችንም አለን።