ከተማ የሚያንሰራራው ነዋሪው ሲወስን ነው
የድሬዳዋ ታሪክ ለከተሞቻችን የሚሰጠው ትምህርት



ገዥው ፓርቲ ስለ ከተማ ልማት ሲናገር ሁልጊዜ የሚያሳየን የተሠራውን ነገር ነው፤ መንገዱን፣ ሼዱን፣ አጥሩን፣ የመንገድ ዳር መብራቱን። የተሠራው ለማን ነው? ማንስ ወሰነው? ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያጥራል። ፓርቲያችን ይህን ጥያቄ ያለ ማስረጃ አያነሳም። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የኢንዱስትሪ ከተሞች አንዷ የነበረችውን፣ ወድቃ የቆየችውንና አሁን እንደገና እየተነሳች ነው የምትባለውን ድሬዳዋን አብነት አድርገን እናቀርባለን። የአቃቂ፣ የባሕር ዳር፣ የኮምቦልቻና የሌሎችም ፋብሪካ ያያችሁ ከተሞች ነዋሪዎች ከራሳችሁ ኑሮ ጋር አመዛዝኑት።

ከተማዋን የሠራት ሥራ ነው

ድሬዳዋ በቤተ መንግሥት ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለነበረ፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በዚያው ተመሠረተች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ቡናው፣ ቆዳው፣ ጨርቁና ጨው የሚወጣውና የሚገባው በድሬዳዋ በኩል ነበር።

ከባቡሩ ጋር የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተሠሩ። ትልቁ የባቡር ጥገና ወርክሾፕም ተቋቋመ። ኢትዮጵያውያን ብረት መቅረጽን፣ ብየዳን፣ የእንጨት ሥራንና የሞተር ጥገናን ከዚያ ተማሩ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዚህችው ከተማ ተተከለ። ቀጥሎም በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያስተዳድር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከውጭም ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ከተማ የኖሩት ሥራና ንግድ አገናኝቷቸው ነው። ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ የተባለችው ነዋሪዋ አብሮ ሠርቶ አብሮ ስለበላ ነው።

እንዴት ወደቀች?

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። ጥፋቱም የአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹን ሲወርስ ውሳኔ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወራሪ ጦር እስከ ከተማዋ ደጃፍ ደረሰ። ሕዝቡና ሠራዊቱ ተከላክለው አስመለሱት፤ ሆኖም የባቡሩ መስመር ተቆርጦ ንግዱ ተጎዳ።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚያስቆጨው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና የአሰብ ወደብ ተዘጋ። የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለጅቡቲ መስመር የተፈጠረችው ድሬዳዋ መክበር የሚገባት በዚህ ጊዜ ነበር። የሆነው ግን የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። ዕቃው በከባድ መኪና ተጭኖ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ከከተማዋ ርቆ ያልፍ ጀመር። ባቡሩ መለዋወጫ አጥቶ፣ ሐዲዱ አርጅቶ ተንቀራፈፈ። ለውጭ ኩባንያ በኮንሴሽን ይሰጣል እየተባለ ድርድሩ ዓመታት ፈጅቶ ሳይሳካ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው የድሮው ባቡር አገልግሎቱን አቆመ። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካም ተዳክሞ ከሥራ ወጣ።

ፋብሪካ ሲቆም የሚቆመው ማሽን ብቻ አይደለም። በሠራተኛው ደመወዝ ይተዳደሩ የነበሩት የጉልት ነጋዴዋ፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ቤት አከራዩና ባለ ጋሪው አብረው ይቆማሉ። ወጣቱም ወደ ጫት ንግድ፣ ወደ ኮንትሮባንድና ወደ ስደት ይገፋል። የታይዋን ገበያ ስሙ በአገር የገነነው ፋብሪካዎቹ በደከሙበት ዘመን መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይደለም። ሰው የሚበላበት ሕጋዊ በር ሲዘጋበት ሌላ በር ይፈልጋል። በሩን የዘጋው አካል ግን ፊናንስ ፖሊስ ከመላክ በቀር ለመክፈት አልደከመም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደግሞ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ጎርፉ የተፈጥሮ ነው። ሰው በወንዙ ዳር ቤት ሠርቶ እንዲኖር ያደረገው ግን ድህነትና ፕላን የሌለው አስተዳደር ነው።

አሁን የሚባለው ትንሣኤ

የተሠራውን አልተሠራም አንልም። በቻይና ብድር የተገነባውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገነባ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተመረቀ። ዘመናዊ የሲሚንቶ ፋብሪካም ቆሟል። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ዘልቋል። ከወደብ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ለምትርቅ ከተማ እነዚህ ሁሉ ተገቢ ሥራዎች ናቸው። እኛም ብንመረጥ የምናስቀጥላቸው እንጂ የምናፈርሳቸው አይደሉም።

ጥያቄያችን ነዋሪው ከዚህ ምን አገኘ የሚል ነው።

አንደኛ፣ ሙያው ከከተማው ጋር አልተገናኘም። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። የመቶ ዓመት ልምድ ያለው የድሮው ወርክሾፕና በውስጡ ያረጁት ባለሙያዎች የአዲሱ ባቡር ጥገና መሠረት እንዲሆኑ አልታሰበም። መስመሩን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። የባቡር ከተማ የነበረችው ድሬዳዋ ለዓመታት ባቡሩን በሩቁ ስታይ ኖረች።

ሁለተኛ፣ ሥራው ዋስትና የለውም። የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተስፋ በአመዛኙ የተጣለው ወደ አሜሪካ በሚላክ ልብስ ላይ ነበር። አገሪቱ በጦርነቱ ምክንያት በታህሳስ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ ስትወጣ ያ ተስፋ ተሰበረ። በዚያም ላይ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ አዋጁ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላም ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል አልተቀመጠም ነበር። ሠራተኛዋ የቤት ኪራይና ምግብ መቻል ካቃታት ፓርኩ ውስጥ አትቆይም። ሠራተኛ የማይቆይበት ፋብሪካም ሙያ አያፈራም።

ሦስተኛ፣ ውሃው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከሳቢያንና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚወጣ፣ በቧንቧና በማንቆርቆሪያ ላይ ኖራ የሚጋግር ውሃ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ሲመጣ እናቶች በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማሉ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት በከተማዋ ተነስቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰው በበሽታው ተጠርጥሮ ተመዘገበ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያም የቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። እንግዲህ ለፋብሪካ የሚሆን ጉድጓድ ሲቆፈር ለቀበሌው የሚደርሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ፀረ ልማት አይደለም። የጤና ጥያቄ ነው።

ማን ወሰነ?

የችግሮቹ ሁሉ ሥር አንድ ነው። ድሬዳዋ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሟ የለም። የምትተዳደረው በ1996 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥት በወጣ ቻርተር ነው። ለዓመታትም ሥልጣኗ 40፡40፡20 በሚባል የፓርቲዎች ድልድል ሲከፋፈል ኖሯል። ይህን ስንል በየትኛውም ብሔረሰብ ላይ ጣት መቀሰራችን አይደለም። ኦሮሞውም ሶማሌውም ሌላውም እኩል የተበደለበት ነው፤ ምክንያቱም ወንበሩ ከምርጫው በፊት ከተከፈለ የማንኛውም ነዋሪ ድምፅ ዋጋ ያጣል። በድልድል የተሾመ ሹም የሚፈራው የሾመውን ነው። ቧንቧው ቢደርቅ፣ ሱቅ ቢፈርስ፣ ፋብሪካ ቢዘጋ ሥልጣኑን አያጣም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአስተዳደሩ 341,834 ሰው ይኖር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 233,224 የሚሆነው በከተማው ውስጥ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ መሬቱና ስለ ውሃው ማን ጠይቆት ያውቃል?

የመሬቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ የከተማ ነዋሪውን የመንግሥት ተከራይ ያህል አድርጎታል። ልማት መጣ ሲባል በመላው የአገራችን ከተሞች የሚደነግጠው ባለ ሀብቱ ሳይሆን ትንሽ ሱቅ ያለውና በቀበሌ ቤት የሚኖረው ነው። ሰው ልማትን የሚፈራ ከሆነ ልማቱ አንድ ጉድለት አለበት ማለት ነው።

ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

1. የከተማ ምክር ቤትና ከንቲባ በነዋሪው ነፃ ድምፅ እንዲመረጡ፣ ድልድል የሚባለው አሠራርም በሕግ እንዲቀር እናደርጋለን።

2. በኢንዱስትሪ ፓርክና በነፃ ንግድ ቀጠና የሚሰጥ እያንዳንዱ የቀረጥና የታክስ ነፃ መብት ስንት ቋሚ ሥራ እንዳስገኘ በየዓመቱ ለከተማው ምክር ቤት በይፋ እንዲቀርብ እናስገድዳለን።

3. የድሮውን የባቡር ወርክሾፕ ለሪል እስቴት አንሰጥም። ቅርስነቱ ተጠብቆ የባቡርና የብረታ ብረት ሙያ ማሠልጠኛ እንዲሆን፣ አንጋፋዎቹ ባለሙያዎችም በመምህርነት እንዲቀጠሩ እናደርጋለን።

4. የደመወዝ ወለል በሕግ እንዲወሰንና በፓርኮቹ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ያለ ፍርሃት እንዲደራጅ እናደርጋለን።

5. ለፋብሪካ አዲስ የውሃ ጉድጓድ ከመፈቀዱ በፊት ለነዋሪው የሚደርሰው መጠን ተለክቶ በይፋ እንዲነገር፣ በወንዝ ዳር ለሚኖሩትም ምትክ መኖሪያ ሳይዘጋጅ ማፈናቀል እንዲቆም እናደርጋለን።

6. ለልማት የሚነሳ ነዋሪና ነጋዴ ካሣውን ወይም ምትክ ቦታውን በእጁ ሳይዝ ቤቱም ሱቁም እንዳይፈርስበት በሕግ እንደነግጋለን።

እነዚህ ላም አለኝ በሰማይ የሚባሉ ተስፋዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከብድር ይልቅ የሕግ ለውጥና ቆራጥነት የሚጠይቁ ናቸው።

ውድ መራጮች፣ ድሬዳዋ አንድ ጊዜ በሥራ ተሠርታለች፤ ነዋሪዋ ያልተጠየቀበት ውሳኔ ደግሞ አድክሟታል። አሁንም ሐዲዱም ሼዱም አለ። የጎደለው ባለቤቱ ነው። በእናንተ ከተማ የተዘጋው ፋብሪካ፣ የፈረሰው ሰፈር፣ የተመረቀው አዳራሽ ማን እንደወሰነው ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያም ካርዳችሁን ይዛችሁ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሂዱ። ከተማው የእናንተ ነው፤ ውሳኔውም የእናንተ መሆን አለበት።