ከጠርዙ ጀምሩ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን በጊዜ ነው ወደ ቤቷ የምትገባው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አይለመንም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የሚታየው ጋቢ ወይም ጃኬት ደርቦ ወደ ቤቱ የሚፈጥን ሰው ነው። በዚህ ምክንያት እዚህ ከተማ ቤተሰብ በምሽት በየክፍሉ አይበተንም። የሚሞቀው አንዱ ክፍል ነውና ሁሉም እዚያው ይሰበሰባል፤ ብርድ ልብሱ እግር ላይ ጣል ይደረጋል፤ ሻይ ይፈላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ሰው አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አራት ስልክ ያያል። አባት ዜና፣ እናት ቴሌግራም፣ ትልቁ ልጅ ቲክቶክ፣ ትንሿ ካርቱን። ብርዱ የሰበሰበውን ቤተሰብ ስልኩ መልሶ ይበትነዋል። “በቃ ስልካችሁን አስቀምጡ!” ማለት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩ ይቀመጣል፣ ፊት ይጠቁራል፣ ዝምታ ይነግሣል። ሰውን ባዶ እጁን አስቀምጦ “እስቲ እንጫወት” ማለት አይሆንም። እጅ የሚይዘው፣ ዓይንም የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል።

ለዚህ ወር ያሰብንላችሁ አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ፐዝል ይኑር። ፐዝል ስንል ለሕፃናት የሚሸጠውን ባለ 12 ቁራጭ እንጨት ብቻ ማለታችን አይደለም። አንድ ሙሉ ሥዕል 300፣ 500 ወይም 1,000 ቦታ ተቆራርጦ የሚመጣውን፣ አዋቂውንም ለቀናት የሚይዘውን ማለታችን ነው።

የትምህርት መሣሪያ የነበረ ጨዋታ

ጨዋታው የተጀመረው በካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የካርታ ባለሙያ ካርታ በስስ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆራረጠው። ልጆች ቁራጮቹን መልሰው ሲገጣጥሙ የትኛው አገር ከየትኛው እንደሚዋሰን ይማሩ ነበር። አዋቂዎች ወደ ጨዋታው የገቡት ዘግየት ብለው ነው። በተለይ በ1930ዎቹ አሜሪካን የኢኮኖሚ ድቀት በመታት ጊዜ ከካርቶን የተሠራ ርካሽ ፐዝል በየሳምንቱ በጋዜጣ መሸጫዎች ይወጣ፣ ከቤተ መጻሕፍትም በውሰት ይገኝ ነበር። ሥራ ያጣው፣ ሲኒማ መግባት ያቃተው ሰው ምሽቱን ቤቱ ከቤተሰቡ ጋር ያሳለፈበት ነበር። በ2020 ኮቪድ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥም ብዙ አገር ላይ ፐዝል ከመደርደሪያ አልቆ ነበር። ሰው ሲጨነቅ ወደዚህ ጨዋታ የሚመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ውጪ ያለው ነገር ከእጁ ሲወጣ እዚህ ግን እጁ የሚጨርሰው ነገር ያገኛል።

ጥቅሙን ሳናጋንን

ፐዝል “አእምሮን ያድሳል”፣ “መርሳትን ይከላከላል” ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጀርመን አገር የኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት የበለጠ ጥንቃቄ አለው። ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ጤነኛ ሰዎች መካከል አንዱ ቡድን ለ30 ቀናት፣ በቀን ቢያንስ 1 ሰዓት ፐዝል እንዲገጣጥም ተደረገ። በወሩ መጨረሻ ይህ ቡድን ከሌላው የጎላ ብልጫ አላሳየም። ለረጅም ዘመን ሲገጣጥሙ የኖሩት ግን በአእምሮ ፈተናው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ፐዝሉ አበረታቸው ወይስ ቀድሞውኑ ብርቱ ስለሆኑ ፐዝል ወደዱ የሚለው ግን በዚህ ብቻ አይለይም። ለትንንሾቹ የሚሆንም አለ። የቺካጎ ተመራማሪዎች 53 ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለው በ2012 እንዳሳወቁት፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ፐዝል የተጫወቱት ልጆች 4 ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ቅርጽን በሐሳብ አዙሮ በማየት የተሻሉ ነበሩ።

እንግዲህ ፐዝል መድኃኒት አይደለም። ዕረፍት ነው፤ ዕረፍትነቱም የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። አንድ ቁራጭ ቦታውን ሲያገኝ ትንሽ ሥራ ተፈጸመ ማለት ነው፤ በአንድ ምሽት እንዲህ ያለ ትንሽ ደስታ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይገኛል። የሚያቻኩል ሰዓት የለም። ተሸናፊም የለም። ገበጣ ወይም ካርታ ስንጫወት አንዱ ማሸነፉ፣ ትንሹ ልጅ ማኩረፉ አይቀርም። እዚህ ግን የ6 ዓመቷ ልጅ አባቷ ሩብ ሰዓት የፈለገውን ቁራጭ ከሥሩ አንሥታ ልትገጥም ትችላለች። አያትም መነጽራቸውን አድርገው “ይቺ የዛፉ ናት” ሲሉ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ናቸው። ለአንድ ሰው 1,000 ቁራጭ ብዙ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ዓይን ሥራ ላይ ሲሆን

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። እናቶቻችን ስፌት ሲሰፉ የሚያወሩትን ወሬ አስታውሱ። አክርማውን በስንደዶው ላይ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ፣ ዓይናቸው ሙዳዩ ላይ እንዳለ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያነሡት ነገር ይነሣል። የታመመ ትዳር፣ የጠፋ ልጅ፣ የቆየ ቂም። ጥጥ ሲፈተል፣ መንዝ ላይም ለባና የሚሆነው የበግ ጠጉር ሲፈተል እንዲሁ ነው። እጅ ሥራ ይዟልና ዝምታው አያስጨንቅም፤ ዓይን ዓይንን ስለማያይ ከባዱ ነገር ቀሎ ይወጣል።

ዛሬ ከተማ ቤት ውስጥ ስፌቱም እንዝርቱም የለም። ከ14 ዓመት ልጃችሁ ጋር ማውራት ስትፈልጉ “ና፣ ተቀመጥ፣ ትምህርት እንዴት ነው?” ትላላችሁ። “ደህና።” ወሬው እዚያው ያልቃል። ጥያቄው ከፍቶ ሳይሆን አቀማመጡ የምርመራ ስለሚመስል ነው። ያው ልጅ ግን የሰማይ ቁራጭ ሲፈልግ፣ ቀና ሳይል፣ “ፊዚክስ እኮ ምንም እየገባኝ አይደለም” ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የወላጅ ብልሃት አለመደንገጥ ነው። ቁራጩን አትጣሉ፣ ፊታችሁንም ወደ እሱ አታዙሩ። “እህ… ከመቼ ጀምሮ?” ብላችሁ መፈለጋችሁን ቀጥሉ። ምክር ለመስጠት የቸኮለ ወላጅ ያንን በር ራሱ ይዘጋዋል። መፍትሔው ነገም ይደርሳል፤ ዛሬ የሚፈለገው ልጁ እስኪጨርስ መስማት ብቻ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

በ1,000 ቁራጭ አትጀምሩ፤ ተሰላችታችሁ ትተዉታላችሁ። ትንንሽ ልጆች ካሉ 100፣ ለቤተሰብ 300 ወይም 500 ይበቃል። ሥዕሉ ብዙ ቀለም ያለው ይሁን፤ ግማሹ ሰማይ የሆነ ሥዕል ጀማሪን ያስለቅሳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ “ምን ላምጣላችሁ?” ሲል ሽቶና ጫማ ብቻ አትዘዙ፤ ፐዝል ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም።

የምግብ ጠረጴዛው ለራት ስለሚፈለግ ፐዝሉን ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ካርቶን ወይም ኮምፖንሳቶ ላይ ሥሩት። ሲመሽ እንዳለ ተነሥቶ አልጋ ሥር ይገባል፤ ነገ ካቆመበት ይቀጥላል።

በመጀመሪያው ምሽት ቁራጮቹን ሁሉ በፊታቸው ገልብጡና አንድ ጎናቸው ቀጥ ያለውን ለዩ። እነዚህ የሥዕሉ ጠርዝ ናቸው። 25 በ20 ሆኖ የተቆረጠ ባለ 500 ፐዝል 86 የጠርዝ ቁራጭ ብቻ ነው ያለው። እነሱ ከተገጣጠሙ ሥዕሉ ቤት እንደተመታለት መሬት ወሰኑ ይታወቃል። ቀሪውን በየቀለሙ በሰሐን በሰሐን ለዩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰሐን ስጡ።

ስትታክቱ ከወንበር ተነሡና ራቅ ብላችሁ እዩት። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አንኮበር በ1932 የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። ተጠግቶ ላየው ሰው አንዱ ብርጭቆ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ ራቅ ሲል ግን ሰዎች፣ ችቦና የአንድ አህጉር ታሪክ ይታዩታል። ልጆቻችሁ አዳራሹን የሚያዩበት ዕድል ሲገኝ ይህን አሳዩአቸው፤ ፐዝል የሠራ ልጅ ያንን ሥራ በሌላ ዓይን ያየዋል።

አንድ ቁራጭ ቢጠፋ ደግሞ ቤቱ አይታመስ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በመቶ የሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ሆና ነው የተለቀመችው፤ ባለሙያዎች ሲገጣጥሟት የተገኘው የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ነበር። ያም ሆኖ ቀና ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ለማወቅ በቅቷል። በአንድ ቁራጭ ምክንያት የልጅ ምሽት መበላሸት የለበትም። ካርቶን ቆርጣችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ቦታውን ሙሉት፤ ከዓመት በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው ያቺን ቁራጭ ይሆናል።

መግዛት ካልቻላችሁ ሥሩት። ፎቶ ቤት አንድ የቤተሰብ ሥዕል በትልቁ አሳትሙ፤ የሠርግ፣ የአያት ቤት ወይም ጓሳ ላይ ያነሣችሁት የጭላዳ መንጋ ሊሆን ይችላል። በኮላ ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፉት፣ ከባድ መጻሕፍት ጭናችሁበት ይደር። ጠዋት በጀርባው መስመር ሥሩና አዋቂ በከተር ይቁረጠው። ለተማሪ ልጅ ደግሞ የአፍሪካን ካርታ በየአገሩ ቆራርጡለት፤ ከ250 ዓመት በፊት ስፒልስበሪ ያደረገው ይኸው ነው።

ስንት ክረምት፣ ስንት ኅዳር?

ይህን ሁሉ ያልነው ስለ ካርቶን ቁራጭ ብለን አይደለም። 14 ዓመት የሆነው ልጃችሁ 12ኛ ክፍልን ሲያልፍ ምደባው ጅማ ይሁን ጅግጅጋ አይታወቅም። እስከዚያ ድረስ ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ብርድ ልብስ ሥር የሚያሳልፋቸው ኅዳሮች አራት ቢሆኑ ነው። ከሄደ በኋላ በስልክ “ደህና ነኝ” ይላችኋል። ያቺ “ደህና ነኝ” እውነት መሆኗን በድምፁ የምትለዩት አሁን እሱን መስማት ከለመዳችሁ ነው።

በሳምንት አንድ ምሽት፣ ቅዳሜ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ስልኮቹን አንድ ሰሐን ላይ አስቀምጡ፤ የአባትም ይጨመር። ቀሪዎቹን ሰሐኖች ለቁራጮቹ ስጡ። ወሬ አታስገድዱ። የመጀመሪያው ምሽት በዝምታ ቢያልፍ አይክፋችሁ፤ ጠርዙ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይወራም።