ኖራ በቀመር ብቻ ማሳ አይደርስም

«አገርን የሚያሳድገው መሐንዲስ ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ቅንጦት ነው» የሚለው በኅትመት የወጣ አስተያየት፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመድብ የነበረውን ፖሊሲ ቢመረኮዝም፣ የምደባ ድርሻ የዕውቀትን ዋጋ አይመሰክርም። ለምሳሌ ሮብ ገበያን በመሰሉ የጎጃም ደጋ አካባቢዎች የሚታየው የአፈር አሲዳማነት፣ ማለትም የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር የሚጎዳበት ችግር፣ በኖራ እንደሚታከም ኬሚስትሪ ካረጋገጠ ቆይቷል። ሆኖም ለአንድ ሄክታር በኩንታሎች የሚለካውን ኖራ ማን እንደሚያጓጉዘው፣ ገበሬው በምን ብድር እንደሚገዛውና ውጤቱን እስኪያይ በማን ምክር እንደሚታገሥ የሚመረምሩት ኢኮኖሚክስና የማኅበረሰብ ጥናት ናቸው። ስለዚህ ቅንጦት የተባለው ትምህርት የምሕንድስናው ግማሽ አካል ነው።